ደብረ ብርሃን ላይ 900 ሊትር የባሕር ውኃ፦ ከትንሽ አኳሪየም ወደ ትልቅ የማደጊያ ዝርዝር መመሪያ

ታኅሣሥ ላይ ነው። ማታ አራት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሳሎን ውስጥ 120 ሊትር የባሕር ውኃ አኳሪየም ነበረኝ። ሁለት ክሎውንፊሽ፣ አንድ ጎቢ፣ አንድ ቢጫ ታንግ። ሂተሩ ሲጠፋ መጀመሪያ የታሰበኝ ብርዱ ነው። ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ አወጣሁና ገንዳውን ከአናቱ እስከ እግሩ ጠቀለልኩት። እኔም ጋቢዬን ደርቤ ተኛሁ።

ጠዋት ስገልጠው ቴርሞሜትሩ 22 ይላል። ጎበዝ ነኝ አልኩ። ከዚያ ወደ ዓሦቹ አየሁ። ታንጉና ጎቢው ሞተዋል። ክሎውንፊሾቹ ውኃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

22 ዲግሪ በአንድ ሌሊት እነዚህን ዓሦች አይገድልም። የገደላቸው ትንፋሽ ማጣት ነው። ፓምፑ ቆሟል፣ የውኃው ገጽ አይንቀሳቀስም፣ ከላይ ደግሞ እኔ በብርድ ልብስ አፍኛቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ትልቅ ገንዳ ለመሄድ ወሰንኩ። የሠራሁትን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ። ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ፦ ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የባሕር ዓሣ ስታሳድጉ ብርዱ ሁለተኛ ጠላት ነው። አንደኛው የአየር ማነስ ነው።

ከፍታው ምን ያደርጋል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ነው። ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን ደግሞ ከግፊቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ ጅቡቲ ዳርቻ ላይ ሲጠግብ በሊትር ወደ 6.7 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ይይዛል። ያው ውኃ እኛ ሳሎን ውስጥ ሲጠግብ 4.7 አካባቢ ላይ ይቆማል። ይህ እንግዲህ ፓምፑ እየሠራ፣ ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ነው። የባሕር ዓሣ ወደ 4 ሲጠጋ መጨነቅ ይጀምራል። ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ያለው መጠባበቂያ እኛ ጋ የለም።

ሌላም አለ። በሌሊት ኮራሉም አልጌውም ኦክሲጅን መሥራት አቁመው ይወስዳሉ። ስለዚህ ውኃው በጣም የሚደክመው ሊነጋጋ ሲል ነው። መብራት ማታ ሄዶ ሊነጋ ሲል ካልተመለሰ አስቡት።

ይህን ካወቅን ሌላው ሁሉ ይቀላል። ከዚህ በኋላ የምመርጠው ዕቃ ሁሉ በዚህ ሒሳብ የተመረጠ ነው።

መጠንና ቦታ

የኔ ገንዳ 200 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 70 ወርድ፣ 65 ቁመት ነው። ሙሉው ልኬት 910 ሊትር ይሆናል። ከላይ 5 ሴንቲ ስትተዉ፣ ድንጋይና አሸዋ የሚይዘውን ስትቀንሱ፣ ከታች ያለውን ሳምፕ (ከሥር የሚቀመጠውን ሁለተኛ ገንዳ) ስትጨምሩ እውነተኛው ውኃ 900 ሊትር አካባቢ ነው።

ብዙ ሰው ቁመት ይወዳል። ከፊት ሲታይ ግርማ አለው። እኔ አልመክርም። ኦክሲጅን የሚገባው በውኃው ገጽ ነው፤ ገጹ ሰፊ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ገንዳ ለደጋ ይሻላል። ደግሞ ክንዳችሁ ታች መድረስ አለበት። 65 ሴንቲ ላይ እኔ እስከ ብብቴ ነው የምገባው።

ክብደቱን ደምሩ። የባሕር ውኃ በሊትር 1.025 ኪሎ ይመዝናል። መስታወቱ ብቻውን 190 ኪሎ ገደማ ነው። ድንጋይ 60፣ አሸዋ 40፣ የብረት ማስቀመጫው 100 ኪሎ። በጥቅሉ ከ1,200 ኪሎ በላይ ይሆናል፣ ያም አንድ ካሬ ተኩል በማይሞላ ቦታ ላይ። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ አካባቢ እንዲሸከም ነው። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ መሐንዲስ ሳታማክሩ ይህን እንዳትሞክሩት። ምድር ቤት ይሁን። የኔ ቤት የጭቃ ነው፤ ገንዳው በሚያርፍበት ቦታ ወለሉን አስቆፍሬ፣ ድንጋይ አስነጥፌ፣ ፌሮ ያለው 15 ሴንቲ ኮንክሪት አስሞላሁ። ሲሚንቶው በደንብ እስኪጠነክር አንድ ወር ጠበቅሁ። ያ ወር አልባከነም፤ መስታወቱን የማሠራው በዚያን ጊዜ ነበር።

ቦታውን ስትመርጡ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ፤ አልጌ ይወርሳችኋል። ሁለተኛ፣ ቡና የሚፈላበት ክፍል አይሁን። ብርድ ስለሆነ በር ተዘግቶ፣ ከሰል ተያይዞ፣ እጣን ይጨሳል። የከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃው ውስጥ ይገባና ፒኤቹን (የአሲድነቱን መለኪያ) ያወርደዋል። እናቴን ቡና ሌላ ክፍል አፍሊ ማለት ከባድ ነው። እኔ ስኪመሩ (በአየር አረፋ ቆሻሻ ከውኃው የሚያወጣው ማጣሪያ) አየር የሚስብበትን ቀጭን ጎማ ግድግዳ በስቼ ወደ ውጭ አወጣሁት። ፒኤቹ ከ7.8 ወደ 8.1 ወጣ፣ ቡናውም ቀጠለ።

መስታወቱና ማስቀመጫው

ከፊት ባለው የ2 ሜትር መስታወት ላይ ውኃው የሚያሳርፈው ግፊት ከ350 ኪሎ በላይ ነው። ለዚህ ልኬት 15 ሚሊ ሜትር መስታወት፣ ከላይ ዙሪያውን የመስታወት ማጠናከሪያ ያለው ያስፈልጋል። የመስኮት መስታወት እያጣበቀ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ አመስግናችሁ እለፉ። እኔ ያሠራሁት አዲስ አበባ ነው። 130 ኪሎ ሜትር በአይሱዙ አስጭኜ፣ ከሥሩ ፍራሽ አንጥፌ አመጣሁት። ስናወርደው ስምንት ሰው ነበርን፤ እሱም በቂ አልነበረም።

የቱቦዎቹ ቀዳዳዎች እዚያው መስታወት ቤት ይበሱ። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ግን አይበሳም፤ ዱቄት ይሆናል። ሲሊኮኑ የፈንገስ መከላከያ የሌለበት ይሁን፤ የመታጠቢያ ቤቱ ዓይነት ዓሣ ይመርዛል። እኛ ጋ ብርድና ደረቅ ስለሆነ ሲሊኮን ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። የኮምጣጤው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ጠብቁ። እኔ ሁለት ሳምንት ሰጠሁት።

ማስቀመጫውን ብየዳ ቤት ከወፍራም ቱቦላሬ አሠራሁ። ጸረ ዝገት ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ የጨው ውኃ ብረት አይምርም። በላዩ ወፍራም ኮምፔርሳቶ፣ ከዚያ 2 ሴንቲ ፎም፣ ከዚያ ገንዳው። ፎሙ ትንንሽ ወጣ ገባውን ይውጣል፣ ከታች የሚመጣውን ቅዝቃዜም ያግዳል። በውኃ ልክ በአራቱም በኩል ለኩ። በ2 ሜትር ላይ 3 ሚሊ ከበለጠ አስተካክሉት፤ “ምን ችግር አለው” የሚል ሠራተኛ ሁሌም አይጠፋም፣ አትስሙት።

ሳምፕና ቱቦ

ሳምፕ ማለት ከሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። የኔ 100 በ50 በ45 ሴንቲ ነው። ከላይ ውኃ በቱቦ ይወርዳል፣ በስኪመር ያልፋል፣ ሂተሮቹን ያልፋል፣ ከዚያ ፓምፑ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ውኃው ሲወርድ ከአየር ጋር ይደባለቃል። ለእኛ ሳምፕ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ሳንባ ነው።

መውረጃ ቱቦ ሁለት ይሁን። አንዱ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ በሳራቺኔስካ የምታስተካክሉት። ሁለተኛው ከፍ ብሎ ባዶውን የሚቆም፣ አንደኛው በቀንድ አውጣ ወይም በአልጌ ሲደፈን ብቻ የሚሠራ። ሁለተኛውን የተዉ ሰዎች ሳሎናቸውን አጥበዋል።

አሁን ዋናው ሒሳብ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ከመውረጃው ጠርዝ በላይ ያለው ውኃ በሙሉ ወደ ታች ይመጣል። 2 ሴንቲ ቢሆን 200 በ70 ስታባዙት 28 ሊትር ነው። ቱቦ ውስጥ ያለውን ጨምሩበት። ሳምፔን በ25 ሴንቲ ውኃ ነው የማሠራው። ከዚያ በላይ ወደ 100 ሊትር ባዶ ቦታ ይቀራል። የመመለሻው ቱቦ አፍ ደግሞ ከውኃው ገጽ ሥር ብዙ አይጥለቅ፤ አለዚያ ውኃውን ወደ ኋላ እየሳበ ግማሽ ገንዳ ያወርድላችኋል።

የመመለሻው ፓምፕ በሰዓት ከ3,000 እስከ 4,500 ሊትር በትክክል ወደ ላይ የሚያደርስ ይሁን። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍታ ሳይኖር የሚሰጠው ነው፤ ወደ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ሲገፋ ይቀንሳል። ሁለት ዌቭ ሜከር (ገንዳው ውስጥ ውኃውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕ) ጨምሩ፤ አንዱን ወደ ላይ አዘንብሉትና የውኃው ገጽ እንዲንቀጠቀጥ አድርጉ። ስኪመር ስትገዙ ለ900 ሊትር የተባለውን አትግዙ። አንድ ቁጥር ከፍ በሉ፤ ቀጭን አየር ነው የሚስበው።

ክዳን? መስታወት ክዳን እርሱት። ዓሣ እንዳይዘል መረብ ዘርጉበት። ሙቀቱን በሌላ መንገድ እንጠብቃለን።

ሙቀት

የገንዳውን ጀርባና ሁለቱን ጎኖች በ3 ሴንቲ ስታይሮፎም ሸፈንኩ። የሳምፑንም ዙሪያ እንደዚሁ። የሚታየው ፊቱ ብቻ ነው። አናቱ ክፍት ነው።

ሂተር ሦስት፣ እያንዳንዱ 300 ዋት። አንድ ትልቅ አትግዙ። ሂተር በሁለት መንገድ ይበላሻል፦ ይጠፋል ወይም ተጣብቆ አልጠፋም ይላል። ሦስት ሲሆኑ አንዱ ቢሞት ሁለቱ ይይዛሉ። አንዱ ቢጣበቅ 300 ዋት ብቻውን በደብረ ብርሃን ሌሊት 900 ሊትር መቀቀል አይችልም። ሦስቱንም ደግሞ ከውጭ በሚቆጣጠር ቴርሞስታት አስተሳስሯቸው።

ስንት ዲግሪ? መጽሐፉ 25 ወይም 26 ይላል። እኔ 24.5 ላይ ነው ያቆምኩት። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። ኮራሎቹም ዓሦቹም አልተከፉም፣ ቆጣሪውም ትንሽ ተንፍሷል። ትንሽ ነው ያልኩት፤ በበጋ ሌሊቶች ለማሞቂያ ብቻ በቀን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይሄዳል። ይህን ሳያውቅ የሚገባበት ሰው እንዳይኖር።

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ የምትኖሩ ይህን ክፍል ገልብጣችሁ አንብቡት። የእናንተ ችግር ማቀዝቀዝ ነው፤ ገጹ ላይ የሚነፍስ ትንሽ ቬንትሌተር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

መብራት ሲሄድ

ትልቅ ገንዳ እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው። 900 ሊትር በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ወደ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት መውጣት አለበት። እኔ ስለካ፣ ክፍሉ 12 ዲግሪ ሆኖ፣ ውኃው በሰዓት ግማሽ ዲግሪ እንኳ አልወረደም። ስድስት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ሁለት ዲግሪ ተኩል ነው። ዓሣ ይችለዋል። ስድስት ሰዓት ያለ አየር ግን አይችልም።

ስለዚህ ባትሪያችሁ ሂተር አያንቀሳቅስ። ብሎ ብሎ ከመድከም በቀር ምንም አያደርግላችሁም። ባትሪው አየር ብቻ ያንቀሳቅስ። በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠሩ ዌቭ ሜከሮች እያንዳንዳቸው 25 ዋት ይበላሉ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የ12 ቮልት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 600 ዋት ሰዓት ነው። ሁለቱን ዌቭ ሜከር ከ10 ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ባትሪውን ከኢንቨርተር ወይም መብራት ሲሄድ ራሱ ከሚቀይር ቻርጀር ጋር አገናኙት። ራሱ ይቀይር፤ እናንተ ከእንቅልፍ ተነስታችሁ አይደለም። አቅም ካለ አንድ ሶላር ፓኔል ጨምሩ፤ በጋ ላይ የደጋው ፀሐይ ጎበዝ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አትመኑት።

ይህ ሁሉ ከከበደ በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አረፋ ከሚያወጣው ድንጋዩ ጋር ግዙ። ሁለት ግዙ። ያን ሌሊት አንድ ቢኖረኝ ታንጉ ዛሬም ነበር።

ገመድን በተመለከተ አጭር ልበል። ሁሉም ተደምሮ፣ ሂተርና መብራት አንድ ላይ ሲሠሩ፣ ከ1,400 ዋት በላይ ነው። በአንድ ዲቫይደር ላይ አትሰቅሉት። ከቆጣሪው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፣ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ። ግራውንድ የግድ ነው። ሶኬቶቹ ከውኃው ጎን ከፍ ብለው ይሰቀሉ፤ እያንዳንዱ ገመድ ሶኬት ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፣ ጠብታው ከዚያ ላይ እንዲወድቅ። መብራት ሲመለስ ቮልቴጅ ስለሚዘል ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኝ ስታቢላይዘር አድርጉ።

ውኃና ጨው

መጀመሪያ ገንዳውን በተራ የቧንቧ ውኃ ሙሉት። አንድ ሳምንት ይቀመጥ። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሶፍት እየነካችሁ ፈትሹ። ከዚያ ማታ ላይ ብሬከሩን ራሳችሁ አጥፉ። ሳምፑ ምን ያህል እንደሚሞላ እዩ። መልሳችሁ አብሩ። አምስት ጊዜ ድገሙት። እኔ በሦስተኛው ላይ አንድ መገጣጠሚያ ሲያንጠባጥብ ያዝኩት፤ ጨው ከገባ በኋላ ቢሆን ወለሉን ሙሉ ይበላው ነበር። ይህን ውኃ አትክልት አጠጡበት።

አሁን እውነተኛው ውኃ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪንና ሌላም ነገር ስላለበት በአርኦ ማጣሪያ (ውኃን በግፊት በቀጭን ሽፋን የሚያሳልፍ) ማለፍ አለበት፤ መጨረሻ ላይ የሚለካው ቲዲኤስ (ውኃው ውስጥ የሟሟ ነገር መጠን) ወደ ዜሮ እስኪጠጋ። የአርኦ አቅም የሚጻፈው ውኃው 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። የኛ የቧንቧ ውኃ 12 ዲግሪ ሲሆን የሚያወጣው ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። የመስመሩ ግፊት ካነሰ ደግሞ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ያስፈልጋል። በቀን 280 ሊትር የተባለው የኔ ማጣሪያ 160 ነው የሚሰጠኝ። 900 ሊትር ለመሙላት ስድስት ቀን ፈጀ። የሚጣለው ውኃ ብዙ ነው፤ ሮቶ ውስጥ አጠራቅሙትና ለልብስ አጠባ ይሁን።

ክረምት ላይ ዝናቡን ስታዩ ይከጅላችኋል። እኔንም ከጅሎኝ ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወረደ ዝናብ ግን ዚንክ ይዞ ይመጣል። ዚንክ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል። ከተጠቀማችሁ በአርኦ ይለፍ።

“የአፋር ጨው እያለን ለምን ከውጭ ጨው ይገዛል?” የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። የአፍዴራ ጨውም አሞሌውም በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውኃ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ባይካርቦኔት በልክ በልኩ አለው። ወጥ በጨው ብቻ አይሠራም። ለአኳሪየም የተቀመመ ጨው ግዙ። ለ900 ሊትር 33 ኪሎ ገደማ ይፈጃል። ለመጀመሪያው ጊዜ፣ ምንም ነፍስ ያለው ነገር ስለሌለ፣ ገንዳው ውስጥ ራሱ መቀላቀል ይቻላል። ፓምፑን አብሩ፣ ውኃውን አሙቁ፣ ጨውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ 24 ሰዓት ይዙር። በሪፍራክቶሜትር (በጨውነት መለኪያው) 35 ሲል ልክ ነው። ሪፍራክቶሜትሩን በ35 ማመሳከሪያ ፈሳሽ አስተካክሉ፤ በንጹሕ ውኃ ብቻ የተስተካከለ ይዋሻል።

ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ባክቴሪያ

ድንጋዩን እንደ ክብ አጥር አትደርድሩት። ዋሻና ቀዳዳ ይኑረው፣ ከኋላ መስታወት ራቅ ይበል። የሚበሰብስ ነገር የሚጠራቀመው ውኃ በማይንቀሳቀስበት ጥግ ነው። ድንጋዩ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ይቀመጥ፣ አሸዋው ቀጥሎ ይግባ። በተቃራኒው ከሆነ አሸዋ ቆፋሪ ዓሣ ድንጋዩን ይንደዋል።

ቀጥሎ ትዕግሥት ነው። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ ሌላው ወደ ናይትሬት። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪሰፍሩ በተለምዶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። እነሱም ይተነፍሳሉ፤ አየር ሲያጥር ከዓሣው ጋር ይሻማሉ። ባዶ ገንዳ ነው ብላችሁ ዌቭ ሜከሩን አታጥፉ።

ትንሽ ገንዳ ላለው ሰው እዚህ ላይ ዕድል አለ። አዲሱ ገንዳ ገና ሳይሞላ፣ ከወር በፊት፣ የቀዳዳ ድንጋይ ወይም የሴራሚክ ቁርጥራጭ በአሮጌው ገንዳ ውስጥ አስቀምጡ። ባክቴሪያው ይሰፍርበታል። ውኃው ሲደርስ ወደ አዲሱ ሳምፕ አዛውሩት። እኔ ይህን ስላደረግሁ አሞኒያውም ናይትራይቱም በ16ኛው ቀን ዜሮ ሆኑ።

የማዛወሪያው ቀን

ቅዳሜ ጠዋት ጀምሩ፤ እሑድ መጠባበቂያ ይሁን። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ከአንድ ቀን በፊት የሁለቱን ገንዳ ጨውነትና ሙቀት እኩል አድርጉ። ልዩነቱ ከ1 አይብለጥ።

2. ከአሮጌው ገንዳ ንጹሑን ውኃ በባልዲዎች ቅዱ። አሸዋው ከመነካቱ በፊት።

3. ኮራሎቹን፣ ቀጥሎ ድንጋዮቹን አውጡ። እያንዳንዱን ድንጋይ በዚያ ውኃ አለቅልቁ፤ የሚወርደውን ጭቃ ስታዩ ትደነግጣላችሁ።

4. ዓሦቹን መጨረሻ ላይ ያዙ። ድንጋይ ሳይወጣ ዓሣ መያዝ ትርፉ ድካም ነው። ባልዲው ውስጥ የአየር ፓምፕ ይኑር።

5. ድንጋዩ፣ ኮራሉ፣ ዓሣው በዚህ ተራ ይግቡ። መብራቱ እስከ ማግስቱ ይጥፋ።

አሮጌውን አሸዋ አታዛውሩ። ሥሩ ጥቁር ከሆነና የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ሲነካካ ዓሣ ይገድላል። አንድ ኩባያ ከላዩ ላይ ብቻ አንሱና አዲሱ ላይ በትኑ፤ ለትንንሽ ነፍሳቱ ያህል።

አሮጌውን ገንዳ አትሽጡት። የማቆያ ገንዳ ይሁን። አዲስ የሚመጣ ዓሣ ሁሉ ቢያንስ አራት ሳምንት እዚያ ይቆይ። ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ ትልቁ ገንዳ ውስጥ አንዴ ከገባ ዓሦቹን ሁሉ አውጥታችሁ ገንዳውን 76 ቀን ያለ ዓሣ መተው ነው መፍትሔው። መዳብ ያለበት መድኃኒት ማቆያው ውስጥ ብቻ እንጂ ኮራል ባለበት አይገባም።

ከባሕር እስከ ደጋ

ዓሣ ስታስመጡ የማስገቢያ ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ጠንካራ ኮራሎች ደግሞ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ወረቀቱን የማያሳያችሁን ሻጭ ተዉት።

መንገዱ ላይ ያለውን ነገር ግን ማንም አልነገረኝም። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ጆሯችሁ ይደፈናል አይደል? ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ ከ3,000 በላይ ትደርሳላችሁ። ቆላ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ የዓሣ ፌስታልም እንደ ኳስ ይነፋል። ባሕር ወለል ላይ የተሞላ አየር እኛ ጋ ሲደርስ 1.4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፌስታሉ ሲታሰር ላላ ይበል፣ ድርብ ይሁን፣ ስታይሮፎም ካርቶን ውስጥ ይግባ። ለብርዱ ሁለት ሃይላንድ ለብ ያለ ውኃ ጎኑ አስቀምጡ።

መጀመሪያ ምን ይግባ? ክሎውንፊሽ፣ ጎቢ፣ ጽዳት የሚሠሩ ቀንድ አውጣዎች። በወር ከሁለት ዓሣ በላይ አትጨምሩ። ታንግ መጨረሻ ይሁን። ያን ምስኪን በ120 ሊትር ውስጥ ማስቀመጤ ራሱ ጥፋት ነበር፤ ይህ ዓሣ ሲዋኝ የሚውል ነው፣ ሁለት ሜትር መንገድ ይፈልጋል። ለምግብ የደረቀ የባሕር አረም ይወዳል። ሲጠፋ በፈላ ውኃ ያለፈ ቆስጣ ይነካካል፣ በደስታ ባይሆንም። በጾም ለሌሎቹ በረዶ የሆነ ሽሪምፕ ሳቀልጥ እናቴ “እነዚህስ ጾም አያውቁም” ትላለች።

ከዚያ በኋላ

መብራቱን በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት አብሩ። ሳምፑ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ አስቀምጡና አምፖሉ በተቃራኒው በሌሊት ይብራ፤ ትልቁ ገንዳ በሚደክምበት ሰዓት ኦክሲጅን ይሠራል።

በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በቀን ከ5 እስከ 8 ሊትር ይተንናል። የሚተነው ውኃው ነው፣ ጨው አይተንም። የምትሞሉት ጨው የሌለው የአርኦ ውኃ ነው። በራሱ የሚሞላ ተንሳፋፊ አድርጉለት። ያ ሁሉ እንፋሎት ግድግዳ ላይ እንደሚያርፍ አትርሱ፤ ቀን ላይ መስኮት ካልተከፈተ የጭቃ ግድግዳ ይሻግታል።

በሳምንት አንዴ ለኩ፦ አልካላይኒቲ (ፒኤቹ እንዳይወርድ የሚይዘው አቅም) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዚየም ከ1,250 እስከ 1,350። ቁጥሩ ትንሽ ቢዛነፍ አትሩጡ። በአንድ ቀን የሚዘል ቁጥር ነው የሚጎዳው። በየሁለት ሳምንቱ 100 ሊትር ቀይሩ። የቁንጫ መድኃኒት በቤት ውስጥ የምትረጩ ከሆነ ሽሪምፖቹን ቀድማችሁ ተሰናበቱ፤ ወይም ያን ቀን ስኪመሩን ዝጉና ገንዳውን ለሰዓታት ብቻ በፕላስቲክ ሸፍኑት። ዌቭ ሜከሩ ግን ይሥራ።

የምታወጡትን የጨው ውኃ አትክልት ላይም ወንዝ ውስጥም አትድፉ፤ ሽንት ቤት ነው ቦታው። እኔ አንዴ ሰነፍ ሆኜ በር ላይ ደፋሁት። በማግስቱ የጎረቤት በጎች ደረጃዬን ሲልሱ አገኘኋቸው። እስካሁን በዚያ ባለፉ ቁጥር ይቆማሉ።